የወንዝ ዳር ጉድጓድ የማንን ውኃ ይጠጣል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ፎገራ፣ ጉማራ ወንዝ አጠገብ ነው። ሩዝ ካነሳሁ በኋላ አንድ ጥማድ (ሩብ ሄክታር) ሽንኩርት በጉድጓድ ውኃ አለማለሁ። ከመጋቢት ወዲህ ውኃው እየሸሸ አስቸገረኝ። ጠዋት ሞልቶ አገኘዋለሁ፤ ቀትር ሳይደርስ ሞተሩ አየር ይስባል። በሳምንት አንድ ጀሪካን ቤንዚን እጨርሳለሁ። ወንዙም ቀጥኗል። የላይኞቹ ናቸው የጨረሱብን? ጉድጓዱን ላጥልቀው ወይስ አቤት ልበል?

መልስ፦ «ጠዋት ሞልቶ አገኘዋለሁ» ማለትዎ ብዙ ይናገራል። ሌሊቱን የሚሞላ ጉድጓድ አልነጠፈም፤ ከሚገባለት ፈጥነው እየቀዱት ነው። ከወንዙ ምን ያህል እንደሚርቅ አልጻፉልንም። እንደ ብዙዎቹ ሃያ ሠላሳ ሜትር ላይ ከሆነ ግን የሚቀዱት በአሸዋው ውስጥ የሚሾልከውን የጉማራን ውኃ ነው። የላይኞቹም ድርሻ አይጠፋም፤ መጀመሪያ የምጠረጥረው ግን የእርስዎንና የጎረቤቶችዎን ሞተር ነው።

«ወንዙን አልነካሁም፣ ከጉድጓዴ ነው የምቀዳው» የሚለው ክርክር በየወንዙ ዳር ይሰማል፤ ቢቀር ደስ ይለናል። ዳር ያለ ጉድጓድ ዛሬ ሲቀዳ ወንዙ በቀናት ውስጥ ይቀንሳል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጊዜው አራት እጥፍ ይረዝማል፤ ስለዚህ ሦስት መቶ ሜትር ላይ ያለ ጉድጓድ በሚያዝያ ቢቀዳ ጉዳቱ ወንዙ ጋ የሚደርሰው ከወራት በኋላ፣ ክረምቱ ከገባ ወዲያ ነው። ራቅ ያለ ጉድጓድ ካለዎት የበጋውን መጨረሻ በእሱ ይወጡት።

ወደ ቤንዚኑ እንምጣ። ባለ ሁለት ኢንች ሞተር በሰዓት አንድ ሊትር ገደማ ቢበላ፣ የሃያ ሊትር ጀሪካንዎ ሃያ ሰዓት ያህል ያሠራል። ለአንድ ጥማድ ሽንኩርት በሳምንት አሥር ሰዓት ይበቃል።

የራስዎን ልክ ለማወቅ ባለ 200 ሊትር በርሜልና የስልክዎ ሰዓት በቂ ነው። ሞተሩን ግማሽ ሰዓት ያሠሩት፤ የጉድጓዱ ውኃ ዝቅ ሲል ግፊቱም ስለሚቀንስ መጀመሪያ ላይ መለካት ያሳስታል። ከዚያ ጎማውን በርሜሉ ውስጥ ይክተቱና ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ይጻፉ። ሰከንዱን ለሰባት ያካፍሉት፤ የሚያገኙት ለአንድ ጥማድ በየአምስት ቀኑ የሚያስፈልገው የሞተር ሰዓት ነው። በ50 ሰከንድ ከሞላ ሰባት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ይሆናል። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ ያደገ ሽንኩርት በዚህ ሙቀት በቀን 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይጠጣል፣ በአምስት ቀን 25፤ በቦይ ሲፈስ አርባ በመቶው ስለሚባክን 42 ሚሊ ሜትር ይለቀቃል። ለአንድ ጥማድ፣ ማለትም ለ2,500 ካሬ ሜትር፣ 105 ሜትር ኩብ ወይም 525 በርሜል ነው፤ 525 በሰዓት ውስጥ ላሉት 3,600 ሰከንዶች ሲካፈል አንድ ሰባተኛ ገደማ ይሆናል።

ሰባቱን ሰዓት በአንድ ቀን አያሠሩት። ማሳውን ለሁለት ይክፈሉና ዛሬ ግማሹን፣ ነገ ግማሹን ያጠጡ፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 3፡40 ገደማ። ከዚያ በኋላ ጉድጓዱ ይረፍ። ያን ጊዜ አየር መሳቡ በአብዛኛው ይቀራል። ውኃው ከቦዩ ሦስት አራተኛውን ሲያልፍ ወደሚቀጥለው ይቀይሩት፤ ቀሪውን በራሱ ይደርሳል። «የተረፈው ተመልሶ መሬት ይገባል» እንዳይሉ፣ በዋልካ (ውኃ ቶሎ በማያሰርግ ጥቁር ጭቃ አፈር) ላይ ብዙው ቦዩ ጫፍ ተኝቶ በፀሐይ ይተናል፤ የሰረገውም ዩሪያውን ይዞ ይወርዳል። የሽንኩርቱ አንገት ልሞ ቅጠሉ መተኛት ሲጀምር ማጠጣት ያቁሙ። ከዚያ በላይ የጠጣ ሽንኩርት ጎተራ ውስጥ ይበሰብሳል።

ጉድጓዱን ማጥለቁን ይተዉት። እርስዎ ሁለት ሜትር ሲያጠልቁ ጎረቤትዎ ሦስት ያጠልቃል፤ ወንዙም በዚያው ልክ ወደ እናንተ ይሳባል። በእናንተ ከፍታ ደግሞ ሞተር ከስድስት ሜትር ገደማ በታች ያለን ውኃ በቅጡ አይስብም። ያኔ ሰው ሞተሩን ጉድጓድ ውስጥ ያወርደዋል፤ የጭሱ መርዝ እዚያው ተከማችቶ የወረደውን ሰው ይገድላል። በጭራሽ አያውርዱ።

ወንዙ ወደ ጉድጓድዎ መግባቱን ለማየት ግንበኞች ልክ የሚያዩበትን ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ጎማ ይዋሱ። ጠዋት ሞተር ሳይነሳ ውኃ ይሙሉት፤ አረፋ አይኑርበት። አንዱን ጫፍ ወንዙ ዳር፣ ሌላውን ጉድጓዱ አፍ ላይ ቀጥ አድርገው ይያዙ፤ በሁለቱም ጫፍ ውኃው እኩል ከፍታ ላይ ይቆማል። ከዚያ መስመር እስከ ወንዙ ገጽ፣ በሌላው ጫፍ ደግሞ ከዚያው መስመር እስከ ጉድጓዱ ውኃ በገመድ ይለኩ። የጉድጓዱ ከረዘመ ወንዙ እየገባልዎት ነው።

አቤቱታውን በተመለከተ፣ በአዋጅ ቁጥር 197/1992 ውኃ የጋራ ሀብት ነው። በእጅ ለተቆፈረ ጉድጓድና ለባህላዊ መስኖ ፈቃድ አይጠየቅም፤ ስለዚህ የላይኞቹም እንደ እርስዎ ከሆኑ «ያለ ፈቃድ» ብለው አያስቆሟቸውም። ቅድሚያው ለቤት ፍጆታ ነው፤ የታችኛው መንደር የመጠጥ ውኃ ካጣ ክሱ ወደ እርስዎም ይመጣል። ይልቅ የበርሜሉን ቁጥር ይዘው የመስኖውን ተራ ከሚያከፋፍለው የውኃ አባት ጋር ይቀመጡ፤ ተራው በቀን ሳይሆን በሰዓት እንዲቆጠር ይጠይቁ። ለሰፋ ያለ ማሳ የሚሆነው ሰዓት በጥማዱ ቁጥር ይባዛል።