አደይ አበባ ጋግረን እንቁላል ጥብስ ወጣልን

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው እንቁጣጣሽ እኔና ጓደኛዬ ለጎረቤት ልጆች የአደይ አበባ ኩኪስ እንሥራ ተባባልን። ቪዲዮው ላይ ሲታይ ቀላል ነው፤ ነጭ አይሲንግ (የስኳር ቅብ) መቀባት፣ ላዩ ላይ ቢጫ አበባ መሳል፣ አለቀ። ከሥራ ወጥተን 12 ሰዓት ላይ ጀመርን፤ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ ብለን እሷ ትስቃለች፣ እኔ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። በአበባ ቅርጽ የቆረጥነው ሊጥ ተለጥጦ ክብ ሆኖ ወጣ። ቢጫው ነጩ ላይ ፈሰሰ። ጠዋት ልጇ አየውና «እንቁላል ጥብስ ነው?» አለ። እኔ የገዛሽው ማርጋሪን ነው እላታለሁ፣ እሷ ኦቭንሽ ነው ትለኛለች። እስቲ ይፍረዱን።
ሁለቱ ጓደኛሞች፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ልጁ ይባረክ፣ እኔም በደብዳቤሽ ሳቅኩ።

ማርጋሪኑም ኦቭኑም ትንሽ ትንሽ ዕዳ አለባቸው። ዋናው ነገር ግን ይሄ የአንድ ማታ ሥራ አይደለም። ቪዲዮ ላይ ሊጡ ፍሪጅ ውስጥ የሚቆይበት፣ ነጩ የሚደርቅበት ሰዓት ሁሉ ተቆርጦ ነው የሚታየው። አንድ ቀን ጋግሩ፣ በማግስቱ ነጩን ቀቡ፣ አድሮ ሲደርቅ ቢጫውን ሳሉ።

ልጠይቅሽ፤ ሊጡን እንዳቦካችሁት ወዲያው ዳመጣችሁት አይደል? ቅቤው ሳይቀዘቅዝ ኦቭን ከገባ ዱቄቱ ቅርጹን ሳይዝ በፊት ይቀልጣል፣ አበባውም ተንሰራፍቶ ክብ ይሆናል። ሊጡን ቢያንስ አንድ ሰዓት ፍሪጅ አስቀምጡት። ከቆረጣችሁት በኋላ ደግሞ ከነትሪው 15 ደቂቃ ፍሪዘር ይግባ። ሁለተኛውን ዙር ትኩስ ትሪ ላይ እንዳትደረድሩ፣ ኦቭን ሳይገባ እዚያው መቅለጥ ይጀምራል።

ሌላው ቤኪንግ ፓውደር ነው። የውጭ አገር አሠራር ብዙውን ጊዜ ለቆላ የተጻፈ ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የአየር ግፊቱ ስለሚያንስ ሊጡ ውስጥ ያለው አየር የበለጠ ይነፋል። ቅርጽ ላለው ኩኪስ እኔ ከነጭራሹ አልጨምርም። 400 ግራም ዱቄት፣ 200 ግራም የገበታ ቅቤ፣ 180 ግራም ስኳር፣ አንድ እንቁላል፣ ቁንጥር ጨው። ውፍረቱ ግማሽ ሳንቲ ሜትር፣ ሙቀቱ 175 ዲግሪ፣ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ፣ ጠርዙ ወርቃማ መሆን ሲጀምር ማውጣት።

አሁን አይሲንጉ፣ ሰው የሚያብደው እዚህ ላይ ነው። ለአንድ የእንቁላል ነጭ 200 ግራም የተፈጨ ስኳርና ጥቂት ጠብታ ሎሚ። ቢላ ወስደሽ መሀሉን ሰንጥቂውና ቁጠሪ። መስመሩ እስከ 15 ስትቆጥሪ ከጠፋ ለመሙያ ደርሷል። 10 ሳትደርሺ ከጠፋ ቀጥኗል፣ ስኳር ጨምሪ። ለጠርዙ ወፈር ያለ ይሻላል፣ መስመሩ መጥፋት የለበትም። ጓደኛ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፦ አንዷ ጠርዙን ታስምር፣ ሌላዋ ጠርዙ ሳይደርቅ ከኋላ ከኋላዋ ትሙላ። ብቻዬን ስሠራ አሥረኛው ላይ ስደርስ የመጀመሪያው ጠርዝ ደርቆ ይጠብቀኛል።

ስኳሩን ቤት ከፈጫችሁት በጣም ቀጭን በሆነ ወንፊት ንፉት። እኔ አንድ ጊዜ በቡና መፍጫ ፈጭቼ፣ ሳልነፋው አይሲንግ ሠራሁበትና ፌስታል ውስጥ ከተትኩት፣ ጫፉን ቀዳሁና መሳል ጀመርኩ። አንዲት የስኳር ፍሬ ቀዳዳውን ዘጋችው። ጨመቅኩ፣ እምቢ አለ፤ ጥርሴን ነክሼ ጨመቅኩ፣ ፌስታሉ ከኋላ ፈንድቶ ሁሉም ነጠላዬ ላይ። ስኳሩ ሲደርቅ ነጠላው እንደ ካርቶን ቆመ።

ቢጫው የፈሰሰው ነጩ ስላልደረቀ ነው። እንቁጣጣሽ ክረምቱ ገና ሲወጣ ስለሆነ አየሩ እርጥብ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ አሳድሩት፣ ቬንቲሌተር ካላችሁ ክፈቱለት። ቶሎ ይድረቅ ብላችሁ ፍሪጅ አትክተቱት፤ ሲወጣ ያልበዋል፣ ያኔ ቀለሙ ይሮጣል። ቀለሙንም ፈሳሹን ትታችሁ ወፍራሙን ጄል ግዙ።

አንድ ነገር ግን አሳስቦኛል። ለልጆች ከሆነ ጥሬ እንቁላል አልወድም። ነጩን ከስኳሩ ጋር በእንፋሎት ላይ እያማሰሉ 71 ዲግሪ ማድረስ ይቻላል፣ ግን ቴርሞሜትር ያለው ሰው ስንት ነው? ለዚህ ሽምብራ የተቀቀለበት ውሃ አለልሽ። ወፈር እስኪል አፍልተሽ፣ አቀዝቅዘሽ፣ በአንድ እንቁላል ነጭ ፈንታ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ምቺው፤ አረፋው ነጭ ሆኖ ይቆማል። መጀመሪያ የነገረችኝን ሴትዮ አላመንኳትም ነበር። ስኳርና ሎሚ ሲገባበት የሽምብራው ሽታ እምብዛም አይታወቅም።

ደግሞ የ2019 እንቁጣጣሽ አርብ ላይ ነው የሚውለው። የሚጾም ጎረቤት ካላችሁ ቅቤና እንቁላል ያለበት ኩኪስ ሳህን ላይ ቁጭ ብሎ ይቀራል። አይሲንጉ በሽምብራ ውሃ ከተሠራ የሚቀረው ሊጡ ነው፤ እንቁላሉን ትታችሁ ሁለት ሦስት ማንኪያ ውሃ አድርጉበት፣ በቅቤው ፈንታ ደግሞ ማርጋሪን ይገባል። ስለዚህ ለጓደኛሽ ይቅርታ ሳትጠይቂያት አይቀርም። ብቻ ስትገዛ ወተት የሌለበት መሆኑን ጽሑፉን ታንብብ፤ በወረቀት የሚጠቀለለውን ደረቁን እንጂ በሳህን የሚሸጠውን ለስላሳውን እንዳታመጣ። እሱን ካመጣች እንደገና እንቁላል ጥብስ ነው።