«ለማንም አትንገሪ» ያላት መምህር

ጥያቄ፦ በሐዋሳ ከተማ አቶቴ አካባቢ የምኖር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የ11 ዓመቷ ልጄ በአንድ የግል ትምህርት ቤት 5ኛ ክፍል ትማራለች። የሒሳብ መምህሯ ማክሰኞና ሐሙስ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ብቻዋን እያስቀረ ቱቶሪያል ይሰጣታል፤ ገንዘብ ጠይቆን አያውቅም። ሰሞኑን ቦርሳዋ ውስጥ አዲስ የእጅ ሰዓት አግኝቼ ስጠይቃት «ቲቸር ነው የሰጠኝ፤ ለማንም አትንገሪ ብሎኛል» አለችኝ። ማታ ማታም በእኔ ስልክ በቴሌግራም ይጽፍላታል። ባለቤቴ «የሰው ስም እንዳናጠፋ» እያለ ያስጠነቅቀኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ ስጋትዎ ተገቢ ነው። ሰዓቱም ሆነ የነጻው ቱቶሪያል ለየብቻቸው ቢታዩ ከደግነት ሊቆጠሩ ይችሉ ነበር፤ እኛን ያሳሰበን «ለማንም አትንገሪ» የሚለው ቃል ነው። ልጆችን ለጥቃት የሚያመቻቹ ሰዎች ብዙ ጊዜ በስጦታ፣ በተለየ ትኩረትና በምስጢር ስለሚጀምሩ፣ ትንሹን ምስጢር መጠበቅ የለመደች ልጅ ትልቁ ሲመጣ ለመናገር ትቸገራለች። ይህን ስንል መምህሩን ጥፋተኛ ማለታችን አይደለም፤ ያን ማጣራት የሌሎች ሥራ ነው። የእርስዎ ድርሻ ልጅዎ ከእርሱ ጋር ብቻዋን የምትሆንበትን አጋጣሚ ከዛሬ ጀምሮ ማስቀረት ሲሆን፣ ለዚህ ምንም ማስረጃ አያሻዎትም፤ «ከእንግዲህ በሰዓቷ ትወጣለች» ማለት የወላጅ ሥልጣን ነው።

ልጅዎን ስለነገረችዎ ያመስግኗት እንጂ አይቆጧት። ፀጉሯን እየጎነጎኑላት፣ ዓይን ለዓይን ሳትተያዩ፣ «ቱቶሪያል ላይ ምን ምን ትሠራላችሁ?» ብለው ይጠይቁና ዝም ብለው ያዳምጡ። «እንዲህ አድርጎሻል ወይ?» እያሉ መወትወት ልጅን ከማስፈራቱም በላይ፣ ምናልባት ጉዳዩ ወደ ምርመራ ቢሄድ ቃሏን አጠራጣሪ ያደርገዋል። ያለችውን በራሷ አነጋገር፣ ቀኑን ጠቅሰው ይጻፉት። የቴሌግራም መልእክት ላኪው ከሁለቱም ስልክ ሊያጠፋው የሚችል በመሆኑ፣ ስሙና ቀኑ እንዲታይ አድርገው ዛሬውኑ ስክሪን ሾት ያንሱት።

ከዚያ ለርዕሰ መምህሩ በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ቅጂው ላይም ተቀብለናል የሚል ፊርማና ማኅተም ያስደርጉ። በቃል ብቻ የተነገረ አቤቱታ በዚያው ቢሮ ውስጥ ተረስቶ ሲቀር ብዙ ጊዜ ታዝበናል። ቱቶሪያል በቡድንና በሩ ክፍት በሆነ ክፍል ብቻ እንዲሰጥ፣ መምህራንም ከተማሪ ጋር በግል እንዳይጻጻፉ ደንብ እንዲወጣ መጠየቅ ይችላሉ፤ እንዲህ ያለው ደንብ ንጹሑንም መምህር ከሐሜት ይጠብቀዋል። ትምህርት ቤቱ ቸል ካለ፣ ወይም ልጅዎ የአካል ንክኪ እንደነበረ ከነገረችዎ፣ በቀጥታ ወደ ፖሊስ የሴቶችና ሕፃናት ክፍል ይሂዱ። ጥቃት ደርሶ ከሆነ ደግሞ ሆስፒታል ይቅደም፤ ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበትና። የለበሰችውንም ልብስ አይጠቡት።

ባለቤትዎ የያዛቸው ይሉኝታ ነው፤ አንፈርድባቸውም። ይሁንና በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከት እርምጃ ሁሉ የልጁ ደኅንነት እንዲቀድም ያዛል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ዕድሜያቸው ከ13 ዓመት በታች በሆኑ ልጆች ላይ የሚፈጸም የግብረ ሥጋ ጥቃትን በአንቀጽ 627 የሚቀጣ ሲሆን፣ ተበዳዩ የአጥፊው ተማሪ ከሆነ ቅጣቱን ያከብደዋል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ድርጊት ተፈጽሞ ከሆነ ሽማግሌ ልኮ፣ እርቅ አውርዶ የሚዘጋ ጉዳይ አይደለም።

የእጅ ሰዓቱን በተመለከተ፣ ልጅቱ ራሷ እንድትመልስለት አይላኳት። ከማመልከቻው ጋር ይዘውት ይሂዱና ርዕሰ መምህሩን ያሳዩ።