ከተማውን ያየ ሕዝቡን አየ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? በቅርቡ ለሥራ ፓሪስ ሄጄ አሥር ቀን ቆይቼ ነበር። ስመለስ ለጓደኛዬ «ፈረንሳዮች ውበት ይወዳሉ፣ ሥርዓት ይወዳሉ፣ ግን ቀዝቃዛ ናቸው» አልኳት። እሷ ደግሞ «አንድ ከተማ አይተሽ ስለ አገር ሙሉ ሕዝብ ታወሪያለሽ?» ብላ ተቆጣችኝ። እኔ ግን አንድ ማኅበረሰብ ምን ዓይነት እንደሆነ ማወቅ የፈለገ ትልቁን ከተማውን ይመልከት ባይ ነኝ። አልተሸናነፍንም። እርስዎ ይፍረዱን።
የዘወትር አንባቢዎ

መልስ፦ ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ዕድሜዬን በከተማ ፕላን ሥራ ያሳለፍኩ ሰው ስለሆንኩ ጥያቄሽ የሙያዬን ልብ ነክቷል። ግማሹን ልክ ነሽ ብዬ አስባለሁ። ካልተስማማሁበት ልጀምር። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ፓሪስ ውስጥ ያየሻቸው ሰፋፊ ጎዳናዎች፣ ቁመታቸው እኩል የሆኑት የድንጋይ ሕንፃዎች፣ ሕዝቡ መክሮ የሠራቸው አይደሉም። በ1853 የፈረንሳይ ንጉሠ ነገሥት ሦስተኛው ናፖሊዮን ዦርዥ ኦስማን የሚባል ሹም ሾመ። ኦስማን በ1870 ከሥልጣኑ እስኪነሳ ድረስ ሰፈር አፈረሰ፣ መንገድ ቀደደ፣ ሠራ። የሕንፃዎቹ ቁመት የተስተካከለው ደንቡ ስላስገደደ ነው። ንጹሕ ውኃና የፍሳሽ መስመር አብሮ ገብቷል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን መሀል ከተማ ይኖሩ የነበሩ ብዙ ድሆች ቤታቸው ፈርሶ፣ ኪራዩም አልቀመስ ብሎ ወደ ዳር ተገፍተዋል። ስለዚህ «ውበት ይወዳሉ» ያልሽው ነገር በመጀመሪያ የአንድ ንጉሠ ነገሥት ፈቃድ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው ትውልድ ወርሶት፣ ወዶት፣ ጠብቆት ሊሆን ይችላል። አሥር ቀን ብቻ ያየ ሰው ግን የሠራውንና የወረሰውን መለየት ይከብደዋል።

እኔም ይህን ስህተት ሠርቻለሁ፤ ዛሬም ድረስ ይቆጨኛል። ወጣት ሳለሁ ለአጭር ሥልጠና አምስተርዳም ሄድኩ። ጠዋት ጠዋት ከመኝታ ክፍሌ መስኮት ሆኜ መንገዱን አያለሁ። እናት ሁለት ልጅ ጭና በብስክሌት ታልፋለች። ክራባት ያሰረ ሰው በብስክሌት። ሽማግሌ በብስክሌት። ማስታወሻዬ ላይ «ይህ ሕዝብ በተፈጥሮው ብስክሌት ወዳጅ ነው፣ እኛ ይህን አንችልም» ብዬ ጻፍኩ። ከአሠልጣኞቻችን አንዷ በዕድሜ የገፉ ሴት ነበሩ። ያልኩትን ሲሰሙ አንድ የድሮ ፎቶ አምጥተው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡልኝ። ያው መንገድ ነው። በቆሙ መኪናዎች ጢም ብሏል። አንድም ብስክሌት አይታይም።

ከዚያ ታሪኩን ነገሩኝ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አገሩ ሲበለጽግ መኪና በዛ። ከተሞቹም ለመኪና ሲሉ ሰፈር እስከማፍረስ ደረሱ። በ1971 ኔዘርላንድስ ውስጥ ከ3,000 በላይ ሰው በመንገድ አደጋ ሞተ። ከነዚህ ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። ወላጆች ተነሡ። ንቅናቄያቸውን «የሕፃናት ግድያ ይቁም» አሉት። ልጆቻቸውን ይዘው አስፋልት ላይ ተቀመጡ፣ መንገድ ዘጉ። በ1973 ደግሞ የነዳጅ ቀውስ መጣና መንግሥት እሑድ እሑድ መኪና እንዳይነዳ ከለከለ። ሰው ባዶ አውራ ጎዳና ላይ እየተራመደ ከተማው ሌላ መልክ ሊኖረው እንደሚችል በዓይኑ አየ። የብስክሌት መንገዶቹ ከዚያ በኋላ ዓመት ከዓመት እየተጨመሩ መጡ።

ሴትየዋ ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። እኔ ግን ማስታወሻዬን ከፍቼ ያንን ዐረፍተ ነገር ሰረዝኩት። «በተፈጥሮው» የሚለው ቃል የእነዚያን ወላጆች ልፋት ሁሉ ያጠፋዋል። «እኛ አንችልም» የሚለውም ከዚያው ቃል የተወለደ ነው። በስንት ስብሰባ ላይ ሰው ይህን ሲል ሰምቻለሁ መሰለሽ! የሌላ አገር ከተማ አይቶ «የነሱ ባሕርይ ነው» ብሎ መዝጋት። ከዚያ በኋላ ማንም ምንም አይሠራም።

ሌላም ነገር አለ። ድንጋይ ሰው ከሚያስበው በላይ ይቆያል። ሕግ በአንድ ቀን ይሻራል፣ መንገድና ቤት ግን ባሉበት ይቀራሉ። ጆሃንስበርግን ውሰጂ። ሶፊያታውን የሚባል፣ ጥቁሮችም ቤትና መሬት የነበራቸው ሰፈር ነበር። በ1955 የአፓርታይድ መንግሥት ነዋሪዎቹን በፖሊስ ኃይል እያስነሳ ከከተማው ርቆ ወደሚገኝ ቦታ ያጓጉዝ ጀመር። ቤቶቹን አፈረሰ። በቦታው ለነጮች ብቻ አዲስ ሰፈር ሠርቶ «ትሪዮምፍ» አለው፣ «ድል» ማለት ነው። በ1994 ሁሉም ዜጋ እኩል ድምፅ ሰጠ። የሰፈሩም የቀድሞ ስም ኋላ ተመለሰ። ርቀቱ ግን አልተመለሰም። ዛሬም ያኔ ጥቁሮች እንዲሰፍሩባት ከተደረገችው ከሶዌቶ ተነሥቶ ወደ ሰሜኑ ሀብታም ሰፈሮች ለሥራ የሚመላለስ ሰው የዚያን ዘመን ርቀት በየቀኑ ይጓዘዋል። ይህን ያየ እንግዳ «እዚህ አገር ሰዎቹ መለያየት ይወዳሉ» ቢል ትልቅ በደል ነው። ያ ከተማ የሚያሳየው የአያቶቹን ዘመን ሕግ ነው። የዛሬዎቹ ደግሞ የወረሱትን ለመጠገን ምን ያህል እንደጣሩ በተጨማሪ ያሳያል።

እንግዲህ ግማሹ ልክ ነሽ ያልኩት የቱን ነው? ትልቅ ከተማ አንድ ነገር ሳይደብቅ ያሳያል ባይ ነኝ። ይኸውም ሰው ለማያውቀው ሰው ምን ቦታ እንደሚሰጥ። ለዘመድና ለጎረቤት ደግ መሆንን ትንሽም መንደር ያውቀዋል። ሚሊዮን የማይተዋወቅ ሰው በአንድ ላይ ሲኖር ግን የማን ችግር ችግር ተብሎ እንደሚቆጠር ይገለጣል። ለንደን ውስጥ ኮሌራ ከ1832 ጀምሮ እየተመላለሰ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈጀ። የአብዛኛው ቆሻሻ መጨረሻ ቴምስ ወንዝ ነበር፤ ብዙ ድሃም የሚጠጣው ከዚያው ወንዝ ነበር። በ1858 በጋ ሙቀቱ በረታና የወንዙ ክርፋት ዳር ላይ ያለውን የፓርላማ ሕንፃ ገባ። መጋረጃዎቹን በኬሚካል ቢነክሩም አልሆነም። በሳምንታት ውስጥ ሕግ ወጣ፣ ገንዘብ ተፈቀደ፣ ጆሴፍ ባዛልጌት የሚባል መሐንዲስ ያን ትልቅ የፍሳሽ መስመር ሠራ። ሥራው ድንቅ ነው፤ ዛሬም ያገለግላል። እኔን የሚያመኝ ግን የዓመቶቹ ልዩነት ነው።

ሰዎቹን ማየት ከፈለግሽ ደግሞ ከተሠራው ይልቅ ሰዎቹ የተሠራውን እንዴት እንደሚጠቀሙበት እዪ። የብራዚል ዋና ከተማ ብራዚሊያ በ1960 የተመረቀች፣ ሉሲዮ ኮስታ የሚባል አርክቴክት ወረቀት ላይ የነደፋት ከተማ ናት። ለመኪና ታስቦ ስለተሠራ እግረኛ የተረሳበት ቦታ ብዙ ነው። ሰዎች ምን አደረጉ? ሣሩን እየረገጡ የራሳቸውን መንገድ አወጡ። ከላይ ስታዪው ቀያይ ቀጫጭን መስመሮች ናቸው። ፕላን የሚሠራ ሰው እንደዚህ ያለ መስመር ሲያይ ቢናደድ ትክክል አይመስለኝም። ሕዝቡ በእግሩ የጻፈለት ደብዳቤ ነው።

«ቀዝቃዛ ናቸው» ስላልሽው ባጭሩ። ጀርመናዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ ጌኦርግ ዚመል በ1903 ስለዚሁ ጽፏል። የትልቅ ከተማ ሰው በቀን የሚያልፈው ፊት እጅግ ብዙ ነው፤ ለሁሉም ልቡን ቢከፍት አእምሮው አይችልም፤ ስለዚህ ይቆጠባል። ይህ የትም ትልቅ ከተማ ያለ ነገር ነው። የፈረንሳይነት ምልክት አድርገሽ አትውሰጂው። ደግሞስ በአሥር ቀን ውስጥ ካገኘሻቸው ሰዎች ስንቶቹ ፈረንሳይ ተወልደዋል? ቶሮንቶ ብትሄጂ ከነዋሪው ግማሽ የሚጠጋው ከካናዳ ውጭ የተወለደ ነው።

ስለዚህ ጓደኛሽ ስትቆጣሽ ልክ ነበረች። አንቺም ከተማውን ጠይቂው ማለትሽ ልክ ነው። ጥያቄውን ብቻ ቀይሪው። ፓሪስ እንደገና ከሄድሽ ሐውልቶቹን ተዪያቸውና ገና ሳይነጋ፣ ቢሮዎቹን የሚያጸዱት ሰዎች በሚሳፈሩበት ሰዓት ባቡር ያዢ። ከየት ተነሥተው እንደሚመጡ፣ ስንት ጊዜ እንደሚቀይሩ እዪ። የተሽከርካሪ ወንበር የሚጠቀም ሰው የትኛው ጣቢያ ላይ መውረድ እንደሚችልና የትኛው ላይ እንደማይችል እዪ። አግዳሚ ወንበሮቹ ሰው ጋደም እንዳይልባቸው ብረት ተበይዶባቸው እንደሆነም ተመልከቺ። ከዚያ ያየሽውን ሁሉ ጻፊልኝ፤ ጓደኛሽም የራሷን ትጻፍልኝ።