የስኳር በሽታና የእግር ደም ስር

"እናቴ ስኳር አለባት፣ ባቷ ላይ ደም ስሯ ተገታትሮ ወጥቷል፤ ስኳሩ ነው ያመጣው?" ላልከው፣ በቀጥታ አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሁለት ነገር ያምታታል።

ያ ተጠማዞ የሚታየው ደም መልስ ነው፤ ደምን ወደ ልብ የሚመልሰው ደም ስር። ውስጡ ያሉት ቫልቮች (ደሙ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጉት በሮች) ሲደክሙ ደሙ ወደ ታች እየተመለሰ ይጠራቀማል። ዕድሜ፣ እርግዝና፣ ውፍረት፣ ብዙ መቆም፣ ዘርም ያመጡታል።

ስኳር በዋናነት የሚጎዳው ደም ቅዳውን፣ ማለትም ደምን ከልብ ወደ እግር የሚያደርሰውን ደም ስር ነው፤ ያጠብበዋል። ያኔ ስትሄድ ባቷን ያማታል፣ ቆም ስትል ይተዋታል። ግን ስኳር ነርቭንም ስለሚያደነዝዝ አንዳንዴ ሕመሙ ጭራሽ አይሰማም። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። የደም መልሱና የደም ቅዳው ችግር አንድ እግር ላይ ከተገናኙ ደግሞ ትንሽ ቁስል እንኳ ቶሎ አይድንም።

ስለዚህ ለደም መልሱ ብለህ እግር የሚያጠብቀውን ካልሲ ዝም ብለህ ገዝተህ እንዳታለብሳት። ደም ቅዳዋ ጠቦ ከሆነ ይብስባታል። መጀመሪያ የቁርጭምጭሚቷና የክንዷ የደም ግፊት ይለካ። የቁርጭምጭሚቱ ለክንዱ ሲካፈል ከ0.9 በታች ከሆነ መጥበብ አለ ማለት ነው። በስኳር የደነደነ ደም ቅዳ ግን ልኬቱን ከፍ አድርጎ ሊያሳስት ይችላል። "ደህና ነው" ቢሉህም የእግር ጣቷ ግፊት እንዲለካ ጠይቅ።

ማታ ማታ ውስጥ እግሯንና የእግር ጣቶቿን መሃል እይላት። ቁስል ካገኘህ ሳታሳድር ሐኪም ጋ ውሰዳት።