መድኃኒት ስለተላመደ ወባ፦ ጠይቁኝ

ሰላም ቤተሰብ። ብዙ ዓመት የወባ ስላይድ (በመስታወት ላይ የተቀባ የደም ናሙና) በማይክሮስኮፕ ሳይ ነው የኖርኩት። መድኃኒት ስለተላመደ ወባ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ። አስቀድሜ ግን፦ ሳትመረመሩ አትዋጡ፤ የጀመራችሁትን ጨርሱ።

የባሕር ዳሯ፦ ጋሼ፣ ተውሳኩ አንዴ መድኃኒት ከተላመደ በቃ እንደዚያው ጠንካራ ሆኖ ይቀራል?

መልስ፦ ይህቺን ጥያቄ ስጠብቃት ነበር። «ጠንካራ» የሚለው ቃል ነው የሚያሳስተን። ካፖርት ለብሶ የሚሮጥ ሰው አስቢ። ብርድ ካለ ያዋጣዋል። ፀሐይ ስትወጣ ግን በሸሚዝ የሚሮጠው ጥሎት ይሄዳል። ብርዱ መድኃኒቱ፣ ካፖርቱ መላመዱ ነው።

ክሎሮኪን በሚባለው የወባ መድኃኒት ላሳይሽ። ተውሳኩ የደማችንን ሄሞግሎቢን የሚፈጭባት ከረጢት አለችው። ክሎሮኪን እዚያ ገብቶ ነው የሚገድለው። የተላመደው የከረጢቷን በር ለውጦ መድኃኒቱን ወደ ውጭ ይጥለዋል። በሩ ግን የራሱ ሥራ ነበረው፤ የተፈጨውን ሄሞግሎቢን ቁርጥራጭ ያሳልፍ ነበር። ከተለወጠ ወዲህ ያንን እንደ ድሮው አይሠራም።

ማላዊ እ.ኤ.አ. በ1993 ክሎሮኪንን ትታ ፋንሲዳር ወደሚባል ሌላ የወባ መድኃኒት ዞረች። በ1992 የተላመደው ዝርያ 85 በመቶ ያህል ነበር። በ2000 ወደ 13 ወረደ። በኋላ እዚያው ማላዊ፣ ብላንታየር ከተማ ላይ በተደረገ ሙከራ ክሎሮኪን ከተሰጣቸው 80 ሕፃናት መድኃኒቱ ያልሠራለት አንድ ብቻ ነው! ልብ በይ፣ የተላመደው ተጸጽቶ አልተመለሰም። በጥቂቱ የተረፈው ያልተላመደው ተራብቶ ነው ቦታውን የያዘው።

ፋርማሲስቱ፦ እኛስ? ፋልሲፓረም ለሚባለው የወባ ዓይነት ክሎሮኪን ካቆምን ስንት ዘመናችን፤ ለምን እንደ ማላዊ አልሆነልንም?

መልስ፦ ለሌላኛው የወባ ዓይነት፣ ለቫይቫክስ እየሰጠነው ነዋ! ሁለቱ እኛ ዘንድ ጎን ለጎን ነው የሚኖሩት። ብርዱ መቼ ለቀቀና ካፖርቱ ይወልቃል?

ቆላው፦ ለወባ ምን ይሻላል?

መልስ፦ የትኛው ወባ? ለማን? ተመርምሮ? እንዲህ ያለውን አልመልስም።

የጎጃሙ፦ አያቴ በነጭ ሽንኩርትና በአረቄ ነበር የሚያድኑት።

ፋርማሲስቱ፦ የዳኑት ይመሰክራሉ። ያልዳኑትን ማን ጠየቀ?

የጎጃሙ፦ አሁን የሚሰጠን የወባ መድኃኒት ኮአርተሙስ ከቅጠል አይደል እንዴ የመጣው?

ፋርማሲስቱ፦ ተጣርቶ፣ ተመጥኖ! አረቄ ውስጥ ተዘፍዝፎ አይደለም።

መልስ፦ ወገኖች፣ አረቄውን ለበዓል አቆዩት።

የመተማዋ፦ ኮአርተም ጀምሬ በሁለተኛው ቀን ተሻለኝ። ብተወውስ?

መልስ፦ ጨርሱ አላልኩም? በቅርቡ አንድ ጎልማሳ ከ24ቱ ፍሬ 12ቱን በኪሱ ይዞ መጣ። ሁለተኛው ቀን ጠዋት ላይ አቁሟል ማለት ነው። «ለሌላ ጊዜ ይሆነኛል ብዬ» አለኝ። በስላይዱ ላይ ተውሳኩ አሁንም አለ። ኮአርተም ውስጥ ያለው አርቴሜተር ፈጣን ነው፤ ግን ከደም ቶሎ ይወጣል። ትኩሳት ለቀቀ ማለት ወባው አለቀ ማለት አይደለም።

የባሕር ዳሯ፦ አርቴሜተርንስ የተላመደ ወባ አገራችን ገብቷል?

መልስ፦ ምልክቱ አለ። አር622አይ የሚባል የተውሳኩ የዘር ለውጥ እ.ኤ.አ. በ2017 እና 2018 ከአማራ፣ ከትግራይና ከጋምቤላ ከተሰበሰቡ ናሙናዎች በ8 በመቶው ላይ ተገኝቷል። የባሰው ደግሞ፣ ከእነዚህ አንዳንዶቹ ፈጣን ምርመራው የሚፈልገውን ፕሮቲን አይሠሩም። ኪቱ ኔጌቲቭ ብሎ ትኩሳቱ ካልለቀቃችሁ «በማይክሮስኮፕ ይታይልኝ» በሉ። በግምት አትዋጡ።

ቆላው፦ እሺ፣ እና ለወባ የሚሻለው የቱ ነው?

መልስ፦ ጤና ጣቢያ ሂድ፣ ወንድሜ።