ልምምድ ላይ አንበሳ፣ ጨዋታ ላይ የሚጠፋ ልጅ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ስለ ቡድን ስፖርትና ሥነ ልቦና የጠየቃችሁኝን፣ ታዳጊዎችን ሳሰለጥን ካየሁት ጋር እያያያዝኩ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ልጄ ልምምድ ላይ አንደኛ ነው። ጨዋታ ላይ ግን ይጠፋል፤ ለምን?

መልስ፦ ችሎታው የትም አልሄደም። ሲጨንቀው ስለ እግሩ ማሰብ ይጀምራል። ሺህ ጊዜ ሳያስብ ያቀበለውን ኳስ አሁን «እንዴት ልምታው?» ሲል ሰውነቱ ይተሳሰራል። እባካችሁ ከመስመር ዳር «እንዳትስት!» እያላችሁ አትጩሁበት። «ቀና በል፣ ክንፉን እየው» በሉት።

ጥያቄ፦ የመለያ ምት ዕድል ነው አይደል?

መልስ፦ ዕድል ብቻ አይደለም። እንግሊዝ ከ1990 እስከ 2012 (እ.ኤ.አ.) በትልልቅ ውድድሮች ስድስት ጊዜ በመለያ ምት ተሰናብታለች። ኖርዌያዊው ተመራማሪ ጌር ዮርዴት ቪዲዮዎቹን ሲመረምር፣ የእንግሊዝ ተጫዋቾች ፊሽካ እንደተነፋ ቸኩለው ይመቱ ነበር። ከጭንቀቱ ቶሎ ለመገላገል ነው። በአሰልጣኙ በሳውዝጌት ጊዜ ግን ተረጋግቶ መምታትን፣ ከመሀል ሜዳ እስከ ኳሷ ያለውን እርምጃ ሳይቀር ተለማመዱ። በ2018 ኮሎምቢያን በመለያ ምት 4 ለ 3 አሸነፉ።

ጥያቄ፦ አንዱ ሲሳሳት ቡድኑ ለምን አብሮ ይወርዳል?

መልስ፦ ፍርሃት ስለሚጋባ። ብራዚል በ2014 የዓለም ዋንጫ በገዛ ሜዳዋ ከጀርመን በስድስት ደቂቃ ውስጥ አራት ጎል የገባባት ኳስ ስለማትችል አይደለም።

የኛዎቹን ደግሞ አስታውሱ። ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ በ2013 አፍሪካ ዋንጫ ሲመለሱ የገጠሙት የዋንጫውን ባለቤት ዛምቢያን ነበር። የሳላዲን ፔናሊቲ ተያዘ፣ በረኛችን ጀማል ቀይ ካርድ አየ፣ ጎልም ገባብን። በአስር ሰው ሆነው ግን አዳነ ግርማ አቻ አደረገን! ያንን ሳስብ አሁንም ደስ ይለኛል።

እኔ ጋ አንድ ልጅ ነበር። ኳስ ሲያበላሽ መጀመሪያ የሚያየው የጓደኞቹን ፊት ነው። አምበሉ እጁን ካወናጨፈበት፣ ቀጥሎ ኳስ እንዳይመጣበት ከተቃራኒ ተጫዋች ጀርባ ይደበቃል። ከዚያ ተስማማን፤ አንዱ ሲሳሳት ቅርቡ ያለው ትከሻውን ነክቶ «ና፣ ያንን ያዝ» ይለዋል። ልጁ ቀስ በቀስ ኳስ መጠየቅ ጀመረ።

ጥያቄ፦ ስድብ ወኔ አይቀሰቅስም?

መልስ፦ ቢበዛ ለአስር ደቂቃ። ከዚያ የሚጫወተው እንዳይሰደብ ነው።

ጥያቄ፦ የሥነ ልቦና ባለሙያ ለመቅጠር አቅሙ የለንም። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ልምምድ ሲያልቅ፣ ልጆቹ እንደደከሙ፣ አንድ በአንድ ከመሀል ሜዳ ተነስተው ፔናሊቲ ይምቱ። ሌሎቹ ቆመው ይዩ። የሳተውን ደግሞ ሄደው ይቀበሉት።