የዋዜማው ጥያቄ

ልጆቼ፣

ጎንደር ላይ የማደንዘዣ ሙያ የሚማር ሰው እንቅርትን ከመጽሐፍ በፊት በዓይኑ ያውቀዋል። ከደባርቅ፣ ከዳባት፣ ከጃናሞራ የሚመጡ እናቶች ነጠላቸውን አንገታቸው ላይ ጠምጥመው ይገባሉ። የደጋውን አፈር አዮዲን ዝናብ አጥቦ ወስዶታል፤ አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ እጢ የጎደለውን ለማካካስ ሲታገል ዓመት በዓመት ያብጣል።

ወጣት ሳለሁ አንዲት እናት በጀርባቸው አስተኝቼ ማደንዘዣ ሰጠኋቸው። አየር አልገባ አለ። እንቅርቱ ወደ ደረታቸው ወርዶ የአየር ቧንቧቸውን ተጭኖት ኖሯል። በጎናቸው አዙረን፣ ቀጭን ቱቦ አስገብተን በመከራ ተረፉ። በማግስቱ ልጃቸው «እናቴ እኮ በጀርባዋ መተኛት ካቆመች ሦስት ዓመቷ ነው» አለችኝ። ቀድሜ አልጠየቅሁም ነበር።

ስለዚህ በቀዶ ሕክምናው ዋዜማ ወደ ታካሚው ሂዱ። አልጋው አጠገብ ተቀመጡና «እንዴት ነው የሚተኙት?» በሉ፤ አስታማሚውንም ጠይቁ። ራጁን ራሳችሁ እዩ። አረፍ ካሉ በኋላ የልብ ምታቸውን ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። ከ90 በላይ ከሆነ፣ እጃቸውም ከተንቀጠቀጠ እጢው አልሰከነ፣ ማለትም ሆርሞን ከልክ በላይ እያመነጨ ይሆናል፤ በመድኃኒት ለማስከን ሳምንታት ያስፈልጋል። ሳይሰክን ቢላ ካረፈበት ትኩሳቱና የልብ ምቱ አብረው ገንፍለው ሊገድሉ ይችላሉ። በሬ ሸጠው ለመጡ ሰው «ቀኑ ይተላለፍ» ማለት ከባድ ነው። አስቸኳይ ካልሆነ ግን አስተላልፉ፤ ምክንያቱንም ለቤተሰቡ ራሳችሁ አስረዱ።

አንዳንዱ ላይ፣ እንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ የስኳር ሕመም ይጨመራል። እኔ ከስኳሩ መውጣት ይልቅ መውረዱን እፈራለሁ። የነቃ ሰው ስኳሩ ሲወርድ ያልበዋል፣ ይርበዋል፣ ይናገራል፤ ማደንዘዣ ይህን ሁሉ ይሸፍነዋል። በየሰዓቱ ለኩ፤ በዴሲ ሊትር ከ70 ሚሊ ግራም በታች ከሆነ ግሉኮስ ሳትዘገዩ ስጡ። በዐቢይ ጾም ደግሞ መቼ እንደቀመሱ ጠይቁ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጾሙ ኢንሱሊናቸውን እንደወትሮው የሚወጉ ሰዎች አጋጥመውኛል።

ለአስም ወይም ለቁርጥማት ፕሬድኒሶሎን የተባለውን የስቴሮይድ መድኃኒት ለወራት የወሰደ ሰው ሳይጠየቅ አይነግራችሁም። መድኃኒቱ ሥራውን ስለሚሠራለት ከኩላሊቱ በላይ ያለው እጢ ሥራ ፈትቶ ስለሚቆይ በቀዶ ሕክምናው መካከል የደም ግፊቱ ሊወድቅ ይችላል፤ የእጢውን ሆርሞን የሚተካውን ሃይድሮኮርቲዞን አዘጋጁ።

የእንቅርት ቀዶ ሕክምና ካለቀ በኋላ ያለችውን የመጀመሪያ ሌሊት አትናቁ። ደም አንገት ውስጥ ከተጠራቀመ ትንፋሽ ይዘጋል፤ ያኔ ስፌቱ እዚያው አልጋው ላይ ይፈታል። መቀሱ ራስጌ ይቀመጥ፤ ተረኛዋ ነርስ የት እንዳለ ማወቋን ሳታረጋግጡ ወደ ቤታችሁ አትሂዱ።